ሽማግሌ የተላከባቸው ፕሮፌሰር

ፕሮፌሰር አጥናፉ ሃምሳ ሁለት ዓመት በሞላቸው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎናቸው ተቀምጠው ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ራሳቸው በቴሌቪዥኑ ውስጥ በር ከፍተው ሲገቡ ተመለከቱ። የሚመስላቸው ሰው አልነበረም፤ ራሳቸው ነበሩ። በግራ ቅንድባቸው ላይ ያለችው ጠባሳ አለች። ሲቀመጡ ሱሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ ሳብ የማድረግ ልማዳቸው አለ። ከማስነጠሳቸው በፊት ጣሪያ ጣሪያውን ማየታቸውም አልቀረም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ የተዋንያኑ ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። በግራ በኩል የገጸ ባሕርይው ስም፣ በቀኝ በኩል የተዋናዩ ስም ይጻፋል፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። በእሳቸው መስመር ላይ ግን በግራም በቀኝም «አጥናፉ» ይላል።

ድራማው «ከሃምሳ ወዲያ» ይባላል። ቀልድና ቁምነገር የተቀላቀለበት ነው፤ የዚህ ዓይነት ሥራ ጥቅሙ የት ቦታ እንደሚሳቅና የት ቦታ እንደሚተከዝ ተመልካቹ ራሱ መምረጡ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ፕሮፌሰር ሃምሳን ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ይነሣና፣ እስከዛሬ የኖረውን ኑሮ የኖረው እሱ ራሱ መሆኑን ይጠራጠራል። ነገሩ በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ወጣትነቱ አልፏል፣ ሽምግልናው ገና አልደረሰም፤ ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁለቱን ያልጀመረ መንገደኛ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ጸጉሩን ያጠቁራል፣ አንዳንዱ ሞተር ብስክሌት ይገዛል፣ አንዳንዱ ጾሙን ያጠብቃል። የቴሌቪዥኑ አጥናፉ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አድርጓል።

በድራማ ውስጥ ያለን ሰው፣ ፕሮፌሰርም ቢሆን፣ አንቱ የሚለው የለም። ሰፈሩ በሙሉ «አጥናፉ እኮ ትናንት ከነሞተሩ ቦይ ገባ!» እያለ ነው የሚያወራው። ስለዚህ እዚህም የቴሌቪዥኑ «እሱ»፣ ፕሮፌሰሩ ደግሞ «እሳቸው» ይባላሉ፤ ሁለቱ እንዳይምታቱ።

ፕሮፌሰሩ ሰኞ ጠዋት ወደ ጣቢያው ደወሉ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ትሑት ነበረች።

«የምታሳዩት ድራማ የእኔ ሕይወት ነው» አሏት።

«እሺ ፕሮፌሰር። ከጠዋት ጀምሮ አራተኛው ፕሮፌሰር ነዎት።»

«ስሙ ራሱ የእኔ ነው። አጥናፉ።»

«አጥናፉ የሚባሉ ሁለት ደውለዋል።»

«መልኩም የእኔ ነው!»

«እሱንማ ሁሉም ብለዋል» አለች ልጅቱ። «ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?»

ሌላ የምትረዳቸው ነገር አልነበረም።

ከሕይወታቸው ጋር የማይገጥም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ሚስትየዋ ነች። የቴሌቪዥኑ አጥናፉ ሚስት ሮማን ትባላለች፤ ዝምተኛ፣ አንገተ ረጅም፣ ምግብ አቅርባ የምትጠብቅ ሴት ነች። የፕሮፌሰሩ ባለቤት ግን እታፈራሁ ነች። እታፈራሁ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህርት ነች፤ ዝምታ አታውቅም፣ ሰልፍ የሚያዛባ ልጅ በሁለት ግቢ ርቀት ይታያታል። አንድያ ልጃቸው አግብታ ሐዋሳ ስለሆነች ቤቱ የሁለት ሰው ቤት ነው።

ልጆችን እንዲህ ከሩቅ የምታየው እታፈራሁ ታዲያ ባሏን አታያቸውም ነበር። ስታናግራቸው በትከሻቸው በላይ አልፋ ከኋላቸው ያለውን መስኮት ወይም የግድግዳውን ሰዓት ነው የምታየው። ክፋት አይደለም። ሰው አንድ ወንበር ለብዙ ዓመት ሲያይ ከኖረ ወንበሩን ማየት ይተዋል፤ አይቀመጥበትም ማለት ግን አይደለም።

እሑድ ከሰዓት ግን ሌላ ሴት ትሆናለች። ሶፋው ጫፍ ላይ ወጥታ ትቀመጣለች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች፣ ከቴሌቪዥኑም ዓይኗን አትነቅልም። አጥናፉ ሲወድቅ «እኔን!» ትላለች። ጸጉሩን ያጠቆረ ዕለት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ «ምስኪን፣ እርጅናን ፈርቶ እኮ ነው» ብላ አዘነችለት። ፕሮፌሰሩ በዚያች ሰዓት ድራማውን አያዩም። እሳቸው የሚያዩት እሷን ስታይ ነው። እንደዚያ አድርጋ የተመለከተቻቸው መቼ እንደነበረ ለማስታወስ ይሞክራሉ፤ አንዳንዴ ይመጣላቸዋል፣ ሲመጣላቸው ይብሳል።

አንድ ማክሰኞ ፕሮፌሰሩ ጸጉራቸውን አጥቁረው ገቡ። እታፈራሁ የመስኮቱን መጋረጃ እያየች፣

«ትራሱ ላይ እንዳይነካ ፎጣ አንጥፍበት» አለች።

ሌላ እሑድ የቴሌቪዥኑ አጥናፉ ከሮማን ፊት ለፊት ቆሞ፣ «ሮማን፣ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ይጠፋል ሲሉኝ አላምንም ነበር» አላት። እታፈራሁ ሶፋው ላይ ተንሰቀሰቀች። ከጎረቤትም የሚንሰቀሰቅ ሰው ይሰማ ነበር፤ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ስለሆነ እሑድ ሰፈሩ የሚስቀውም የሚያለቅሰውም በአንድ ላይ ነው። በማግሥቱ ምሳ ላይ ፕሮፌሰሩ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እታፈራሁ፣ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ይጠፋል ሲሉኝ አላምንም ነበር።»

«ትናንት ሰምቼዋለሁ» አለች ጨው እየፈለገች። «እሱ ሲለው ነው የሚያምረው።»

ሐሙስ ዕለት የፕሮፌሰሩ የዩኒቨርሲቲ ቢሮ በር ተንኳኳ። የገባው የቴሌቪዥኑ አጥናፉ ነበር። የሞተር ቆቡን በብብቱ ይዟል።

«ይቅርታ፣ ቀጠሮ አልያዝኩም» አለ።

«ምንም አይደል። ይቀመጡ» አሉ ፕሮፌሰሩ። ራስን አንቱ ማለት ይከብዳል፤ አንተ ማለት ደግሞ ድፍረት መሰላቸው።

እንግዳው ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ከተቀመጠ በኋላም አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ምን እየሰሙ ነው?»

«ማንም አልሳቀም!» አለ ፊቱ በርቶ። «ስቀመጥ ማንም አልሳቀም። ታድለህ!»

ከዚያ በኋላ ችግሩን በዝርዝር አስረዳ። ለድራማ የሚሠራ ቤት ሦስት ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። አራተኛው አይሠራም፤ ምክንያቱም ከተሠራ ተመልካቹ ምንም አያይም። ይህ ለተመልካቹ ጥሩ ነው፣ ለነዋሪው ግን ብርድ ነው። በክፍቱ በኩል ንፋስ ይገባል። ወደ ክፍቱ ጀርባ መስጠት ክልክል ስለሆነ፣ ሰው ሚስቱን ሊቆጣ ሲፈልግ መጀመሪያ ዞር ብሎ ትክክለኛውን ቦታ መያዝ አለበት፤ ቦታውን እስኪይዝ ንዴቱ ያልፍበታል። ሲያነጥስ ይሳቃል። ሳያነጥስ ሲቀርም ይሳቃል።

«ባለቤቴ የምታየው አንተን ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ። አንቱታው አምልጧቸው ነበር።

«እኔ አልጠራኋትም» አለ አጥናፉ በቅንነት። «እመነኝ፣ ደክሞኛል። ማንም የማያየው ሥራ ካለህ ስጠኝ።»

ፕሮፌሰሩ እንዲህ ያለ ሥራ ነበራቸው። የእሳቸው ትምህርት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጥናት ነው። የሐይቅን ውኃ ከፍታ ለማወቅ፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ዘንግ ውኃው ውስጥ ይተከላል፤ አንድ ሰው ጠዋትና ማታ እየሄደ ውኃው የቱ ቁጥር ላይ እንደደረሰ ያነብባል። አቢያታ ሐይቅ ዳር የተከሉት ዘንግ ግን፣ ሐይቁ እየሸሸ ሄዶ፣ ደረቅ መሬት ላይ ቀርቷል። ቢሆንም ይነበባል። በሳይንስ «ውኃ የለም» የሚል ንባብና ንባብ የሌለበት ቀን ይለያያሉ።

«ንባቡ ምን ይላል?» አለ አጥናፉ።

«ምንም።»

«ማን ያያል?»

«ፍላሚንጎዎች አሉ።»

«ይስቃሉ?»

«እስካሁን አልሳቁም።»

አጥናፉ የፕሮፌሰሩን የጭቃ ቦት ጫማና ሰፊ ባርኔጣ ተቀበለ፤ ልኩ ነበር። ከመስኮቱ ሥር ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ደቡብ ሄደ። ፕሮፌሰሩ ድምፁ እስኪጠፋ ቆመው አዳመጡ። መቼም ሰው ነበሩና አንድ ነገር አሰቡ፤ እሑድ ቴሌቪዥኑ ባዶ ሲሆን እታፈራሁ ዓይኗን የምታሳርፍበት ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ ከእሳቸው በቀር የሚታይ ብዙ ነገር የለም።

እሑድ ድራማው በሰዓቱ ጀመረ። ሮማን ለሁለት ሰው ምግብ አቅርባ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጣለች። ማንም አልመጣም። ማንኪያውን አስተካከለች። ክዳኑን ከፈት አድርጋ መልሳ ከደነች። ፕሮግራሙ እንደዚሁ አለቀ።

እታፈራሁ ፊቷን ከቴሌቪዥኑ አላዞረችም። ሶፋውን ገፋ አድርጋ ይበልጥ ቀረበች።

በሚቀጥለው እሑድም ሮማን ጠበቀች። በሦስተኛው እሑድ ጎረቤቶች እየመጡ ሳሎኑ ውስጥ እንደ ለቅሶ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ብቻውን ሊያየው የቻለ አልነበረም። አንዳንዱ ንፍሮ ይዞ መጣ። ከሄዱ በኋላ ፕሮፌሰሩ ወጥ ቤት ድረስ እታፈራሁን ተከትለዋት ገቡ።

«እታፈራሁ፣ ይኸው እኔ እዚህ ነኝ እኮ» አሉ።

«እዚህ መሆንህን ማን ጠየቀህ? እዚያ ለምን የለህም ነው የምልህ።»

«ሮማን ሚስቴ አይደለችም። ሚስቴ አንቺ ነሽ።»

«እሱን ሄደህ ለእሷ ንገራት!» አለች ብርጭቆዎቹን እያጋጨች። «ሴትዮዋ ምን አጠፋች? ክፉ ቃል ወጣት? ምግብ አቅርባ መጠበቅ ነው ጥፋቷ? እኔ ብሆን እስከዛሬ ጠረጴዛውን ገልብጬዋለሁ።»

«እኔን እንዲህ ጠብቀሽኝ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁ ቀስ ብለው።

እታፈራሁ እጇ ላይ ያለውን ብርጭቆ ወደ ብርሃኑ አንሥታ ንጽሕናውን አየች።

«አንተ መቼ ሄደህ ታውቃለህ?» አለች።

በአራተኛው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ሽማግሌ ሲላክ ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት፤ ሙሉ ከሆነ ሐሳባቸው እኩል ለእኩል ሊከፈል ይችላል። ፊት የቆሙት አቶ ጉልላት ናቸው፤ የዕድሩ ሊቀመንበር፣ ከመሬት ቅየሳ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ቀጥ ያሉ ሰው። ከአጠገባቸው እህል ነጋዴው ሐጂ ኑረዲን፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ መምህር ወልደትንሣኤ አሉ። መምህር ወልደትንሣኤ ወደ ሽምግልና የሚጠሩት በምንም ስለማይቃወሙ ነው።

«ግቡ አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አለች እታፈራሁ።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ጉልላት። «ጉዳይ ይዘን ነው።»

ይህም ሥርዓት ነው። ጉዳይ የያዘ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። መሣሪያው ጉልበቱ ነው፤ የሽማግሌው ጉልበት እየተንቀጠቀጠ በሄደ ቁጥር የባለቤቱ እምቢታ እየላላ ይመጣል። ፕሮፌሰሩም ከሶፋው ተነሥተው ቆሙ። ከጀርባቸው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሮማን ማንኪያውን እያስተካከለች ነበር።

«ከወይዘሮ ሮማን ተልከን ነው የመጣነው» አሉ አቶ ጉልላት።

«አግኝታችሁ አነጋገራችኋት?»

«አላገኘናትም። እንባዋ ግን ደርሶናል። በሽምግልና ያ በቂ ነው።»

«አባቶቼ፣ እኔ ያ ሰው አይደለሁም። ያ ሰው አቢያታ ነው ያለው፣ ውኃ እየለካ።»

«አንተ ልጅ» አሉ ሐጂ ኑረዲን፣ ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው እያዛወሩ፣ «እኔ ስሸመግል ጸጉሬ ነጣ። ሚስቱን ጥሎ የሄደ ወንድ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው "እኔ ያ ሰው አይደለሁም" ነው። ሌላ ነገር ብትለኝ ይሻልህ ነበር።»

«እውነት ነው» አሉ መምህር ወልደትንሣኤ።

«ስማችን ነው አንድ የሆነው፣ ሐጂ!»

«መልክህስ?»

«መልኬም።»

«አመልህስ?»

ፕሮፌሰሩ ትንሽ አሰቡ። ዋሽተው አያውቁም ነበር።

«አመሌም» አሉ።

«እንግዲያ ምንህ ቀረ?»

ይህ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ፕሮፌሰሩ ተማሪ ቢጠይቃቸው ያመሰግኑት ነበር። ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። የሚጠብቁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። «ባሌን የት ትወስዱብኛላችሁ?» ብትል ይበቃቸው ነበር።

«እታፈራሁ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እታፈራሁ አፏን ከፈተች። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ጠበቀ። ልትለው የነበረው ነገር ከንፈሯ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ፕሮፌሰሩ ሲመጣ አይተውታል። በዚያች ቅጽበት የመምህር ወልደትንሣኤ ጉልበት ተንቀጠቀጠ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥም ሮማን ቀና ብላ በሩን አየች።

«አባቶች ቆመው እኮ ነው» አለች እታፈራሁ። «ለሽማግሌ እምቢ ይባላል እንዴ?»

«ብሄድ ታዪኛለሽ?»

«እሑድ እሑድ?»

«እሑድ እሑድ።»

«መቼ አምልጦኝ ያውቃል?» አለች፤ የእውነቷን ነበር፣ ድምፅዋም ለስልሶ ነበር።

«እሺ» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ሦስቱም ሽማግሌዎች «እሰይ!» ብለው በአንድ ጊዜ ተቀመጡ። ለስላሳ ቀረበላቸው። ሐጂ ኑረዲን ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ትንሽ ብትቆይ ኖሮ እኔ ራሴ እምቢ እልልህ ነበር» አሉ፤ ሁሉም ሳቁ፣ ፕሮፌሰሩም ጭምር። በሥርዓቱ መሠረት የታረቀን ባል ቤቱ ድረስ የሚያደርሱት ያስታረቁት ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ መጠጡን እንደጨረሱ ቴሌቪዥኑ የተቀመጠበትን ቡፌ ከግድግዳው ሳብ አደረጉት። ከኋላው አቧራ፣ አንድ የጠፋ የእስክሪብቶ ክዳንና የቴሌቪዥኑ ገመድ ነበሩ። ገመዱ ወደሚሄድበት አንድ ጠባብ መንገድ ይሄዳል።

እታፈራሁ የባሏን የኮት ኮሌታ አስተካከለች። ስታስተካክል በትከሻቸው በላይ ቴሌቪዥኑን ታይ ነበር።

«ቶሎ በል» አለች። «ማስታወቂያው ሊያልቅ ነው።»

መንገዱ ኮብልስቶን የተነጠፈበት ነው። ያካፋ ስለነበር አቶ ጉልላት ጃንጥላ ዘረጉ፤ አንዱ ጃንጥላ ለአራት ሰው አልበቃ ብሎ መምህር ወልደትንሣኤ ሳይቃወሙ ረጠቡ። ግራና ቀኝ ያሉት የቤት ግድግዳዎች ከጀርባ ሲታዩ ኮምፔንሳቶ ናቸው፤ በአግዳሚ እንጨት ተደግፈው ቆመዋል፣ ቀለሙ በፊት በኩል ብቻ ነው። ፕሮፌሰሩ አንዱን በጣታቸው ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ሰጠ።

«የዛሬ ጊዜ ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው» አሉ ሐጂ ኑረዲን።

በመጨረሻው በር ላይ ቆመው ጫማቸውን ጠረጉ። አቶ ጉልላት በሩን ገፉት። ፕሮፌሰሩ ደፉን ተሻገሩ፤ ከዚህ ወዲያ አንቱ የሚላቸው አልነበረም።

አጥናፉ ሲገባ ከክፍቱ በኩል ረጅም ጭብጨባ መጣ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደዚያ ነው። ሮማን ከጠረጴዛው ተነሣች። በቅርብ ሲያያት በቴሌቪዥን ከምትታየው ይልቅ ደከም ያለች ነበረች፤ ጉንጯ ላይ ያለው ዱቄት ከአንገቷ ጋር አይመሳሰልም።

«መጣህ» አለች።

«መጣሁ። ግን ልንገርሽ፣ እኔ እሱ አይደለሁም።»

«እሱም ይህንኑ ብሎ ነው የገባው» አለች ሮማን። «ከእሱ በፊት የነበረውም።»

አቶ ጉልላት ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመው አስታረቋቸው። ወደ ክፍቱ አንድ ጊዜ ሲያዩ ክራቫታቸውን አቀኑ፣ ድምፃቸውንም ከፍ አደረጉ። «ትዳራችሁን ያጽናላችሁ!» ሲሉ ሦስቱ ሽማግሌዎች «አሜን» አሉ። ትንሽ ቆይቶ ከጨለማው ብዙ ሰው «አሜን» አለ፤ ከሩቅ ተነሥቶ እስከ ጠረጴዛው እግር ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ጀርባ ላለመስጠት ወደ ኋላ እየረገጡ ወጡ፤ በሩ ተዘጋ።

አጥናፉ ተቀመጠ። ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ሳብ ሲያደርግ ተሳቀ።

«ሳቁን ለምደኸው ትተኛበታለህ» አለች ሮማን። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፣ እጆቿንም አፍታታች። «አሁን ማስታወቂያ ነው፤ አያዩንም። ብላ። ዳቦው የእውነት ነው። ሙዙን ተወው፣ ፕላስቲክ ነው።»

አጥናፉ ዳቦውን እየቆረሰ ወደ ክፍቱ ተመለከተ። ዕድሜውን በሐይቅ ዳር ያሳለፈ ሰው ስለሆነ፣ ሰፊ ጨለማ ሲያይ ውኃ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ከጨለማው ማዶ፣ ዳርቻውን በሙሉ ተከትሎ፣ ትንንሽ ሰማያዊ መብራቶች ነበሩ። እያንዳንዱ መብራት አንድ ሳሎን ነው። በእያንዳንዱ ሳሎን ሰዎች ሶፋ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረዋል። የእሱን ቤት ለማግኘት ብዙ አልፈለገም። እታፈራሁ ብቻዋን ሶፋው ጫፍ ላይ ነበረች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

«እታፈራሁ!» ብሎ ጠራት።

«አይሰማም» አለች ሮማን እያላመጠች። «በማስታወቂያ ጊዜ ድምፁን ይቀንሱታል። ይልቅ አፍህን ጥረግ፣ ልንጀምር ነው።»

ተጀመረ። ሮማን ትከሻዋን አቀናች። ማዶ ያለችው እታፈራሁ ከሶፋው ተነሣች። ወደ እሱ መራመድ ጀመረች፤ በውኃው ላይ ስትመጣ እያደገች መጣች። መጀመሪያ ሰው አከለች፣ ቀጥሎ ቤት አከለች፣ በመጨረሻም ፊቷ ብቻ የጎደለውን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላው። በትከሻው በላይ አላየችም። የምታየው እሱን ነበር፤ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ ቀለሙ ለቆ ጥግ ጥጉ ላይ የነጣውን ጸጉሩን፣ አንድ በአንድ። በሁለቱም ዓይኖቿ ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ መስኮት ነበረ፣ በመስኮቱ ውስጥ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ሁለት ሰዎች።

እታፈራሁ መስተዋቱ ላይ እፍ አለች። ትንፋሿ ሞቅ ያለ ጉም ሆኖ ክፍሉን ሸፈነው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ መጥረግ ጀመረች፤ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ ሮማንን፣ ቀጥሎ እሱን። ግንባሩን ጠረገችለት፣ ጉንጩን ጠረገችለት፣ አገጩ ላይ የቀረች አንዲት ነጥብ ስላልለቀቀች ደግማ ደጋግማ አሸችው። አጥናፉ ፊቱን እንደሚታጠብ ሕፃን አገጩን ቀና አደረገላት፤ እንዳትስት ትንፋሹን ያዘ። ከትከሻዋ ኋላ፣ በሐይቁ ማዶ፣ ሰማያዊዎቹ መብራቶች ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ እየጠፉ ወደዚህ ይመጡ ነበር።